ኢያሪኮን ሁሉም ያውቃታል፣ ለኪሶ ግን ምንድን ናት?

ገና_ጀማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ለብዙዎቻችሁ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ታገሱኝ። 2ኛ ነገሥት 18ን እያነበብኩ ነበር (ነገሥትን አራት አድርጎ ለሚቆጥር 4ኛ ነገሥት ማለቴ ነው)። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለአሦር ንጉሥ ለሰናክሬም "በድያለሁ፣ ከእኔ ተመለስ" ብሎ ይልካል። ወደ አሦር ዋና ከተማ ወደ ነነዌ የላከ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ሳየው ግን የላከው ወደ ለኪሶ ነው። ለኪሶ ደግሞ የራሱ የይሁዳ ከተማ ናት! ሰናክሬም እዚያ ምን ይሠራል?

ከዚያ የሰናክሬም መልእክተኛ ራፋስቂስ ከለኪሶ ተነስቶ ኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ይመጣና ይፎክራል። ሲመለስ ንጉሡ ከለኪሶ ሄዷል፣ ልብናን እየወጋ ነው። በቃ። በመሀል ለኪሶ ምን ሆነች? አንድ ቃል የለም።

ስሟን ፈልጌ ሌላም ቦታ አገኘኋት። ኢያሱ 10 ላይ አለች። ሮብዓም ከመሸጋቸው ከተሞች አንዷ ናት። ንጉሥ አሜስያስ ከኢየሩሳሌም ሸሽቶ የተገደለው እዚያ ነው። ኤርምያስም ይጠራታል። ሚክያስ ደግሞ ለጽዮን ልጅ "የኃጢአት መጀመሪያ" ነበረች ይላታል፣ ይሄኛው ጭራሽ አልገባኝም። ኢያሪኮ ሙሉ ምዕራፍ አላት፣ ቀንደ መለከቱ፣ ሰባት ቀን መዞሩ፣ ረዓብ፣ ሁሉም ነገር። ይቺ ግን ዝም ተብሎ ስሟ ተጠርቶ ይታለፋል። ትልቅ ከተማ ነበረች ወይስ እኔ ነኝ ያጋነንኳት? የምታውቁ እህታችሁን አስረዱኝ።

ድንጋይ_ቆጣሪ፦

አላጋነንሽም እህቴ። እንዲያውም እኔ ስለ ኢያሪኮ አሥር ስብከት ሰምቼ ስለ ለኪሶ አንድም አለመስማቴ ያበሳጨኛል።

መጀመሪያ ካርታውን ያዢልኝ። ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ናት። በባሕሩ ዳር የሚሄድ ጦር ሜዳ ለሜዳ ይነጉዳል፣ ማንም አያስቆመውም። ወደ ኢየሩሳሌም ልውጣ ካለ ግን በሜዳውና በተራራው መሀል ያለውን ኮረብታማ አገር ማለፍ አለበት፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን "ቆላው" የሚለውን። ለኪሶ እዚያ ኮረብታ ላይ ነበረች፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ። ከኢየሩሳሌም ቀጥሎ የይሁዳ ዋና ከተማ ናት ብትዪ ብዙ ሰው አይከራከርሽም። ዙሪያዋን ወፍራም ቅጥር፣ ትልቅ ባለ ብዙ ክፍል በር፣ መሀሏ ላይ ቤተ መንግሥት። እሷን ሳይዙ ወደ ተራራው መውጣት ማለት ጠላትን ከጀርባ ትቶ መሄድ ነው። ስለዚህ ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ሲመጣ ሰፈሩን ያደረገው እዚያ ነው። ሕዝቅያስም መልእክቱን የላከው ንጉሡ ወዳለበት ነው።

አሁን ጥያቄሽ። ለኪሶ ምን ሆነች? መጽሐፉ ዝም ያለውን ሰናክሬም ራሱ ተናግሮታል፣ ያውም በድንጋይ። ነነዌ ባለው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የአንድ ክፍል ግድግዳ ሙሉውን በለኪሶ ከበባ አስቀርጾታል። ክፍሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቁፋሮ ተገኘ፣ ሌያርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ያወጣው። ድንጋዮቹ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ቅርጹን ፎቶ ፈልጊና ቀስ ብለሽ እዪው። ቅጥሩ ላይ የቆሙት የይሁዳ ሰዎች ቀስት ይወረውራሉ፣ ድንጋይ ይለቃሉ፣ ችቦ እያነደዱ ወደ ታች ይጥላሉ። ከታች አሦራውያን ግንብ የሚደበድብ መሣሪያ በመንኮራኩር እየገፉ ይወጣሉ። ቀራጩ ደግሞ አንዲት ነገር አልረሳም። መሣሪያው ላይ ያለ አንድ ወታደር ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ይዞ ውኃ እያፈሰሰ ነው፣ ከላይ የሚወረወረው እሳት መሣሪያውን እንዳያቃጥለው። ጭልፋ! ስንት ጊዜ አይቼው እዚያ ጋ ስደርስ ሁሌም እቆማለሁ። ይህን ያየ ሰው ካልነገረው በቀር ቀራጭ ቁጭ ብሎ አይፈጥረውም።

ቀጥሎ ከበሩ የሚወጡት አሉ። እቃቸውን በበሬ ጋሪ ጭነው፣ ሴቶችና ሕፃናት ጋሪው ላይ ተቀምጠው። አንዳንድ ወንዶች በእንጨት ተሰክተዋል፣ አንዳንዶቹ ቆዳቸው ሲገፈፍ ይታያል። መጨረሻ ላይ ሰናክሬም ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ የተጻፈው በአጭሩ፣ የዓለም ንጉሥ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በዙፋኑ ተቀመጠ፣ የለኪሶም ምርኮ በፊቱ አለፈ ይላል። የንጉሡ ፊት ግን ሆን ተብሎ ተፈቅፍቋል፣ ነነዌ በ612 ስትወድቅ የገባ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ይሄ ሁሉ የንጉሥ ጉራ ነው ልትዪ ትችያለሽ። ቦታው ላይ ተቆፍሯል እኮ። ዴቪድ ኡሲሽኪን የሚባል አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ቆፍሯል። በደቡብ ምዕራብ ጥግ አሦራውያን ቅጥሩ ላይ ለመድረስ የከመሩት የድንጋይና የአፈር ቁልል ዛሬም አለ። ከ10,000 ቶን በላይ ድንጋይ እንደፈጀ ተገምቷል። አካባቢው በብረት የቀስት ጫፍ የተሞላ ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠር፣ የወንጭፍ ድንጋይም እንደዚያው። በውስጥ በኩል ደግሞ ተከላካዮቹ ቅጥሩ ሲደረመስ ሁለተኛ መከላከያ ይሁነን ብለው ከቤት ፍርስራሽ ሳይቀር እያፈሱ የራሳቸውን ቁልል ሠርተዋል። ቤቱን አፍርሶ ቅጥር የሚደግፍ ሰው ምን ያህል እንደጨነቀው አስቢው።

አሁን ወደ 2ኛ ነገሥት ተመለሽና 19፥32ን አንብቢ። ኢሳይያስ ስለ ኢየሩሳሌም ምን አለ? ወደዚህች ከተማ አይመጣም፣ ፍላጻ አይወረውርባትም፣ የአፈር ድልድል አይደለድልባትም። እኔ ይቺን ቁጥር ለዓመታት ዝም ብዬ ሳልፋት ኖሬያለሁ። የአፈር ድልድል ማለት ያ ለኪሶ ላይ ያለው ቁልል ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ ሆኖ ይህን ቃል የሰማ ሰው የ40 ኪሎ ሜትሯን ከተማ ወሬ ሰምቷል፣ ምናልባትም አምልጠው የመጡትን አይቷል። ድልድል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር። እንግዲህ ለኪሶ ትልቅ ናት የምለው ለዚህ ነው። የኢየሩሳሌም መትረፍ ምን ያህል ነገር እንደሆነ የሚገባሽ ለኪሶን ስታይ ነው።

ማን_አለ፦

ድንጋይ ቆጣሪ ጥሩ ብለሃል፣ አንድ ነገር ግን ላርም። "መጽሐፉ ዝም ብሏል" የሚለው ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። 18፥13 ላይ ሰናክሬም በይሁዳ ወዳሉት የተመሸጉ ከተሞች ሁሉ ወጣ፣ ያዛቸውም ይላል። ሁሉ ሲል ለኪሶም አለችበት። 2ኛ ዜና 32 ላይ ደግሞ ለኪሶን ከቦ እንደነበር በግልጽ ተጽፏል። በስም ወደቀች አላለም እንጂ አልደበቀም።

ሌላው፣ የሰናክሬም ወገን ራሱ ዝም ያለበት ነገር አለ። የዘመቻውን ታሪክ ያስጻፈበት ባለ ስድስት ጎን የሸክላ ጽሑፍ አለ፣ አንዱ ቅጂ ለንደን ነው ያለው። 46 የተመሸጉ ከተሞችን ያዝኩ፣ 200,150 ሰው አወጣሁ ይላል። ሕዝቅያስን በኢየሩሳሌም "በቀፎ ውስጥ እንዳለ ወፍ" ዘጋሁበት ይላል። ኢየሩሳሌምን ያዝኩ ግን አይልም። ይዟት ቢሆን ዝም የሚል ሰው ይመስላችኋል? እና የሚገርመው ያ ጽሑፍ ለኪሶንም በስም አይጠራትም። በጽሑፉ የለችም፣ በሥዕሉ ግን ሙሉ ክፍል ይዛለች። ለኔ የሚመስለኝ ኢየሩሳሌምን ስላልያዘ ግድግዳው ላይ የሚያሳየው ትልቅ ድል ለኪሶ ሆነች። ሁለተኛዋ ከተማ የመጀመሪያዋን ቦታ ሞላች ማለት ነው።

ሕዝቅያስ ለሰናክሬም የከፈለውን ገንዘብም አወዳድሩ። መጽሐፍ ቅዱስ 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ይላል። የአሦሩ ጽሑፍ ወርቁን እዚያው 30 ያደርገውና ብሩን 800 ያደርሰዋል፣ ላዩ ላይ ሌላ ብዙ እቃም ይዘረዝራል። ወርቁ መግጠሙ ይገርመኛል። ብሩ አለመግጠሙ ብዙም አያስጨንቀኝም፣ የተለያየ ሚዛን ሊሆን ይችላል፣ ወይ አንዱ ሌላውንም ነገር ደምሮት ይሆናል፣ ወይ ሰውየው ጉረኛ ነው።

ገና_ጀማሪ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ያቺን ጭልፋ ፈልጌ አገኘኋት 😀 እውነትም ውኃ እያፈሰሰ ነው።

ግን አንድ ነገር። ኢያሱ 10 ላይ ለኪሶን በሁለተኛው ቀን ያዟት ይላል። ሰናክሬም ያን ሁሉ ድንጋይ ከምሮ የገባባትን ከተማ ኢያሱ በሁለት ቀን?

ማን_አለ፦

የብዙ መቶ ዓመታት ልዩነት አለው እኮ! ያው ኮረብታ ነው፣ ከተማዋ ግን ያቺው አይደለችም። ትፈርሳለች፣ ትሠራለች፣ ደግሞ ትፈርሳለች፣ ቆፋሪዎቹ ንብርብሩን በቁጥር ነው የሚጠሩት። ኡሲሽኪን የከነዓናውያኑ ዘመን መጨረሻ ላይ የነበረችው ለኪሶ ቅጥርም አልነበራትም ባይ ነው። የፈረሰችበት ጊዜ ላይ ደግሞ የግብፁን የራምሴስ 3ኛን ስም የያዘ የነሐስ ቁራጭ ስለተገኘ መፍረሷን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1130 አካባቢ ያወርደዋል። ይሄ ከኢያሱ ዘመን ጋር እንዴት ይታረቃል የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ እዚህ ከከፈትነው አያልቅም።

ያኔ ግን ትንሽ ቦታ እንዳትመስልሽ። ከዚያ በፊት ገዥዎቿ ለግብፅ ፈርዖን ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፣ ግብፅ ውስጥ አማርና በምትባል ቦታ ከተገኙት የሸክላ ደብዳቤዎች መሀል የለኪሶ አሉ። በነገራችን ላይ እዚያው ለኪሶ አንዲት ከዝሆን ጥርስ የተሠራች ማበጠሪያ ተገኝታለች፣ 3,700 ዓመት ያህል የሆናት፣ ጽሑፉ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሆነ። በከነዓን ፊደል እስካሁን የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው ተባለ። ምን ይላል መሰላችሁ? ይህ ጥርስ የፀጉርንና የጢምን ቅማል ይንቀል። ሰው ፊደል ይዞ መጀመሪያ የሚመኘው ይሄን ነው እንግዲህ።

ገል_ለቃሚ፦

ሁላችሁም 701 ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። ለኪሶ ሁለት ጊዜ ነው የሞተችው። ለኔ ልብ የምትበላው ሁለተኛዋ ናት።

ከሰናክሬም በኋላ እንደገና ተሠራች፣ እንደ ድሮዋ ባትሆንም። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ናቡከደነፆር መጣ። ኤርምያስ 34፥7ን አንብቡ። የባቢሎን ጦር ኢየሩሳሌምንና የቀሩትን ከተሞች እየወጋ ነበር፣ ከተመሸጉት የይሁዳ ከተሞች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ ነበሩ ይላል። ሁለት ብቻ።

እ.ኤ.አ. በ1935 ስታርኪ የሚባል እንግሊዛዊ የለኪሶን በር ሲቆፍር በሩ አጠገብ ካለች ክፍል ውስጥ፣ በአመድ መሀል፣ በቀለም የተጻፈባቸው ገሎች አገኘ። የተሰበረ እንስራ ገል ማለቴ ነው። ያኔ ወረቀት የለም፣ ገል ያነሳሉ፣ ይጽፉበታል፣ ይልካሉ። 18 ነበሩ፣ በኋላ 3 ተጨመሩ። (ስታርኪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ መንገድ ላይ ተገደለ፣ ያሳዝናል።) ብዙዎቹ ሆሻያ የሚባል የበታች መኮንን ያኡሽ ለሚባል አለቃው የላካቸው ናቸው ተብሎ ይታመናል።

ከነዚህ አንዱ፣ አራተኛው የሚባለው፣ መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል አለው፦ ጌታዬ በሰጠን ምልክት ሁሉ መሠረት የለኪሶን የእሳት ምልክት እየጠበቅን መሆናችንን ጌታዬ ይወቅ፣ ዓዜቃን ማየት አልቻልንምና።

ከኤርምያስ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። ሁለት ከተማ ቀርተው ነበር፣ አንዷ አልታይ ብላለች። የዓዜቃ እሳት ጠፍቷል፣ ከተማዋ ወድቃለች ብለው የሚተረጉሙ ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ የለም፣ ጸሐፊው ያለበት ቦታ ለዓይን ስለማይመች ነው፣ ወይ ጊዜው ከዚያ ትንሽ ይቀድማል ይላሉ። እኔ እንደ ተራ አንባቢ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፣ ግን አልምልበትም።

ሌላው ደብዳቤ ደግሞ ያስቃል። አለቃው ለሆሻያ "ደብዳቤ ማንበብ አታውቅም እንዴ" ዓይነት ነገር ጽፎለታል መሰለኝ፣ ሰውየው ቱግ ብሏል። በሕያው እግዚአብሔር ይምላል፣ ለእኔ ደብዳቤ ላንብብልህ ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም ይላል። አገር እየፈረሰ፣ ባቢሎን በር ላይ ሆኖ፣ ሰውየው የተናደደው ማንበብ አይችልም በመባሉ ነው። ወደድኩት። እዚያው ደብዳቤ ላይ ከነቢይ የመጣ "ተጠንቀቅ" የሚል መልእክት ተጠቅሷል። ነቢዩ ማን ነው? ስሙ የለም። ኤርምያስ ነው ብላችሁ እንዳትሮጡ።

ስድስተኛው ላይ ደግሞ ከላይ የመጡት ቃላት መልካም አይደሉም፣ እጅ ያደክማሉ የሚል ቅሬታ አለ። ኤርምያስ 38፥4 ላይ አለቆቹ በኤርምያስ ላይ ያቀረቡት ክስ የወታደሮቹን እጅ ያደክማል የሚል ነው። ያው አነጋገር፣ ያው ዓመታት። ያኔ መንገድ ላይ የሚነገረው ይሄ ነበር ማለት ነው።

ቀና_በል፦

ማንም ስለ ቲርሐቅ አላነሳም? 19፥9 ላይ ሰናክሬም "የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ሊዋጋህ መጥቷል" የሚል ወሬ ይሰማል። የእኛ ሰው ነው ኢየሩሳሌምን ያዳናት!

ማን_አለ፦

ቀስ ወንድሜ። በዕብራይስጡ ኩሽ ነው የሚለው፣ የግሪኩ ትርጉም ኢትዮጵያ ብሎት ነው ወደ እኛ የመጣው። የቲርሐቅ መንግሥት መሠረቱ ናፓታ ነው፣ የዛሬው ሱዳን። ያኔ ቤተሰቡ ግብፅንም ይገዛ ነበር፣ 25ኛው ሥርወ መንግሥት የሚባለው። እሱ ራሱ የነገሠው በ690 ነው፣ ስለዚህ በ701 ጦር ይዞ የመጣ ልዑል ነበር ብንል ይሻላል፣ መጽሐፉ በኋላ ባገኘው ማዕረግ ጠርቶታል። የጦርነቱን ውጤት ደግሞ የአሦሩ ጽሑፍ አሸነፍኩ ይላል፣ ኤልተቄ የምትባል ቦታ ላይ።

ቀና_በል፦

ሊሆን ይችላል። ግን ሰናክሬም ወሬውን ሲሰማ ለሕዝቅያስ ሁለተኛ ደብዳቤ በችኮላ መላኩን አትካድ። ደንግጧል።

ማን_አለ፦

እሱን አልክድም 😀

ገና_ጀማሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንዷ ጥያቄዬ ግን አልተመለሰችም። ሚክያስ 1፥13። ለኪሶ ለምን "የኃጢአት መጀመሪያ" ተባለች? ጣዖት ነው?

ገል_ለቃሚ፦

ጣዖትም ሊሆን ይችላል። በሩ ውስጥ ቀንዳቸው የተሰበረ መሠዊያዎች ያሉት የአምልኮ ክፍል ተገኘ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ተነግሯል። ክፍሉ ውስጥ እንደ መጸዳጃ መቀመጫ የተቀረጸ ቀዳዳ ያለው ድንጋይም ነበር። ቆፋሪዎቹ ሕዝቅያስ የኮረብታ መስገጃዎችን ሲያስወግድ ይሄንንም ሆን ብሎ አዋርዶት ነው አሉ፣ ኢዩ የበኣልን ቤት የውዳቂ መጣያ እንዳደረገው ማለት ነው። ሌሎች ምሁራን ግን አልተቀበሉትም።

ድንጋይ_ቆጣሪ፦

እኔ መልሱ እዚያው ቁጥር ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሙሉውን አንብቢው፣ በለኪሶ የምትቀመጪ ሆይ፣ ሰረገላውን ለፈረስ እሰሪ ነው የሚላት። በዕብራይስጡ ፈረሱን የሚጠራበት ቃል "ሬኼሽ" ነው፣ ከተማዋ ደግሞ "ላኪሽ"፣ በድምፅ እየተጫወተ ነው። ሚክያስ የሞሬሼት ሰው ነው፣ የዚያው የቆላው አገር ልጅ፣ ለኪሶን በዓይኑ ያውቃታል። ለኪሶ የይሁዳ የሰረገላና የፈረስ ከተማ ነበረች ብለው ብዙዎች ያስባሉ። ነቢያቱ ደግሞ ሰረገላ ላይ መታመንን እንዴት እንደሚያዩት ታውቂያለሽ፣ ኢሳይያስ 31ን እዪ፣ እርዳታ ፍለጋ ወደ ግብፅ የሚወርዱትን፣ በሰረገላ ብዛት የሚታመኑትን ወዮ ይላቸዋል። ያ ነገር በይሁዳ የጀመረው ከለኪሶ ነው እያለ ይመስለኛል።

እና ያን የድንጋይ ቅርጽ ከከፈትሽው አይቀር፣ ከጭልፋው ወደ ቀኝ ሂጂ። ምርኮ የሚያወጡት የአሦር ወታደሮች ሰልፍ አለ። ከሚወስዱት እቃ መሀል አንድ ሰረገላ አለ። ፈረስ የለውም፣ በእጃቸው እየጎተቱት ነው።